ማኅተማ ጋንዲ፤ ሥራ ያጣው ጠበቃ

በአዲስ አበባ ከተማ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በዚያ የተወለዱ፣ አድገውም ልጆቻቸውን በዚያው የወለዱ የከተማው ነዋሪዎች ብዙ ናቸው። ሆስፒታሉ በስማቸው የተጠራላቸው ሰው ሕንድን ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ለማላቀቅ የታገሉ መሪ መሆናቸውም ለማንም የተሰወረ አይደለም። እኛ የሙያ ባልደረቦቻቸው እንኳ ብዙ ጊዜ የማናስታውሰው ግን ማኅተማ ጋንዲ ሃያ ዓመት ገደማ በጥብቅና ሙያ እንደ ኖሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ፊት በቆሙበት ቀን አንደበታቸው ተሳስሮ ጉዳዩን ጥለው እንደ ወጡ፣ ከዚያም በወር 75 ሩፒ የሚከፈልበት የመምህርነት ሥራ ጠይቀው እንደ ተከለከሉ ነው።

ከሕግ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት የመጀመሪያውን ሥራ ፍለጋ በየቢሮአችን ደጅ በሚቆምበት ጊዜ ይህን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በተለይ የምንመለከተው የፖለቲካ ትግላቸውን ሳይሆን ከ1888 እስከ 1894 ያለውን ጊዜ፣ ማለትም ከሕግ ተማሪነት ተነሥተው የታመነ ጠበቃ እስከ ሆኑ ድረስ የተጓዙትን መንገድ ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከፖርባንዳር እስከ ሎንዶን

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ ኦክቶበር 2 ቀን 1869 በምዕራብ ሕንድ በምትገኘው በፖርባንዳር ከተማ ተወለዱ። አያታቸውም አባታቸውም በዚያ አካባቢ ለነበሩት ትንንሽ መሳፍንት ዲዋን፣ ማለትም ዋና አማካሪና ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ ሰዎች ናቸው። አባታቸው በ1885 ሲሞቱ ለቤተሰቡ የቀረው ከሀብት ይልቅ ክብር ነበር። ከዚህም የተነሣ ከልጆቹ አንዱ ተምሮ የአባቱን ወንበር እንዲይዝ ይጠበቅ ነበር።

ጋንዲ በ1887 የማትሪክ ፈተና አልፈው ባቭናጋር በተባለ ከተማ ኮሌጅ ቢገቡም ትምህርቱ ስለ ከበዳቸው ከመጀመሪያው የትምህርት ወቅት በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ የሆኑ አዋቂ ሰው ምክር ሰጡ። በአገር ውስጥ ዲግሪ ለማግኘት አራት ወይም አምስት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ከዚያ በኋላ የሚገኘውም ሥራ 60 ሩፒ ያህል የሚከፈልበት እንደሚሆን፣ ወደ ሎንዶን ሄዶ ባሪስተር መሆን ግን በሦስት ዓመት እንደሚቻል አስረዱ። ወጣቱ የተመኙት ሕክምና ነበር፤ ሆኖም ሬሳ መቅደድ በቤተሰቡ ሃይማኖት የተጠላ ከመሆኑም በላይ ለዲዋንነት የሚያበቃው ሕግ ነው ተብሎ ሐሳባቸው ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። እንግዲህ ጋንዲን ወደ ሕግ የወሰዳቸው የቤተሰብ ተስፋና የኑሮ ስሌት ነው፤ ለሙያው የተለየ ፍቅር ነበራቸው ለማለት አይቻልም።

ጉዞው ያለ ዋጋ አልሆነላቸውም። ባሕር ተሻግሮ መሄድ ሃይማኖትን ያረክሳል የሚሉት የጐሣቸው ሽማግሌዎች ቦምቤይ ላይ ጉባኤ አድርገው አወገዟቸው። እናታቸው ሥጋ እንዳይበሉ፣ መጠጥ እንዳይቀምሱ፣ ወደ ሴት እንዳይቀርቡ መሐላ አስገቧቸው። ታላቅ ወንድማቸው ላክሽሚዳስ ገንዘቡን አዘጋጁ። ጋንዲም ሚስታቸውን ካስቱርባንና ገና የጥቂት ወራት ዕድሜ የነበረውን ልጃቸውን ትተው ሴፕቴምበር 4 ቀን 1888 ከቦምቤይ በመርከብ ተነሡ።

ሎንዶን እንደ ደረሱ ኢነር ቴምፕል ወደተባለው ጥንታዊ የጠበቆች ማኅበር ገቡ። በዚያን ዘመን ባሪስተር ለመሆን የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው በማኅበሩ አዳራሽ በየወቅቱ ከሚዘጋጁት 24 የእራት ግብዣዎች ቢያንስ በስድስቱ መገኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሮማ ሕግና የእንግሊዝ ሕግ ፈተናዎችን ማለፍ ነው። እራቱ በጥንት ጊዜ ተማሪዎች ከታላላቅ ጠበቆች ጋር ተቀምጠው የሙያውን ወግ የሚቀስሙበት እንደ ነበረ ይነገራል፤ በጋንዲ ጊዜ ግን ታላላቆቹ ከተማሪዎቹ ተለይተው ለብቻቸው ይቀመጡ ስለ ነበር ከሥርዓቱ የቀረው መብሉ ብቻ ነበር። ፈተናውም ቢሆን ቀላል ስለ ነበር አብዛኛው ተማሪ አጫጭር ማስታወሻዎችን ለጥቂት ሳምንታት አጥንቶ ያልፍ ነበር። ጋንዲ ግን መጻሕፍቱን በገንዘባቸው ገዝተው እየደከሙ አነበቡ፤ የሮማን ሕግ በላቲን ቋንቋ እስከ ማጥናት ደረሱ። ይህ ድካም ከጊዜ በኋላ የሮማና የሆላንድ ሕግ በሚሠራበት በደቡብ አፍሪካ ዋጋውን ከፍሏቸዋል።

ጁን 10 ቀን 1891 ባሪስተር ሆነው ተሰየሙ፤ በማግሥቱ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተመዘገቡ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። ሆኖም የምስክር ወረቀቱ በሻንጣቸው ሳለ በልባቸው ያለው ፍርሃት ነበር። ሕግ አንብበዋል፤ ክስ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ባለጉዳይ ከየት እንደሚገኝ ግን ያስተማራቸው አንድም ሰው አልነበረም። ስለ ሕንድ ሕግም የተማሩት ምንም የለም። ከመሄዳቸው በፊት ፍሬድሪክ ፒንከት የተባሉ እንግሊዛዊ አዋቂ ዘንድ ቀርበው ጭንቀታቸውን ገልጠው ነበር። እኒያም ሰው በዚያን ጊዜ በቦምቤይ ስመ ጥር የነበሩትን ጠበቃ ፌሮዜሻህ ሜህታን የሚያህል ሰው ካልሆንሁ ብለው እንዳይጨነቁ፣ ተራ ታማኝነትና ትጋት ለሙያው እንደሚበቃ ነገሯቸው፤ የአገራቸውን ታሪክና የሰውን ጠባይ እንዲያጠኑም መከሯቸው።

የቦምቤይ ውድቀት

ጋንዲ ቦምቤይ ሲወርዱ መጀመሪያ የሰሙት የእናታቸውን ሞት ነው፤ ትምህርታቸው እንዳይሰናከል ሲባል መርዶው ተሸሽጎ ቆይቶ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ግን ብዙ ተስፋ ጥለውባቸው ስለ ነበር፣ ከባሪስተር ቤት የሚጠበቀውን ኑሮ አስቀድመው ጀምረው የቤቱ ወጪ በእጅጉ ጨምሮ ጠበቃቸው።

በራጅኮት የሚሠሩት የአገሬው ነገረ ፈጆች የሕንድን ሕግ ከጋንዲ በተሻለ ያውቁ ነበር። ባሪስተር ደግሞ ከእነርሱ አሥር እጥፍ ክፍያ ስለሚጠይቅ፣ ዕውቀቱ አነስተኛ ክፍያው ከፍተኛ የሆነ ጠበቃ የሚፈልግ ሞኝ ባለጉዳይ አልተገኘም። በወዳጆች ምክር የከፍተኛውን ፍርድ ቤት አሠራር ለመመልከትና የሕንድን ሕግ ለማጥናት ወደ ቦምቤይ ሄዱ። በዚያም የሕንድ ሕግ ጥናት አሰለቻቸው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ አልገባ አላቸው። በችሎት ተቀምጠው ክርክር ሲሰሙ፣ ነገሩን ከሥሩ ስለማያውቁት እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።

በመጨረሻ አነስተኛ ጉዳዮችን በሚያየው ፍርድ ቤት የማሚባይ የተባለች ሴት ጉዳይ ደረሳቸው። ጉዳዩን ላመጣው ደላላ ድርሻ እንዲከፍሉ ሲጠየቁ እንቢ አሉ። በወር ሦስትና አራት ሺህ ሩፒ የሚያገኙ ታዋቂ ጠበቆች እንኳ ለደላላ እንደሚከፍሉ ቢነገራቸውም አሳባቸውን አልለወጡም። ጉዳዩ ግን ተሰጣቸው፤ ዋጋውም 30 ሩፒ ሆነ። ጋንዲ የተከሳሽ ጠበቃ ስለ ነበሩ የከሳሽን ምስክሮች መስቀለኛ ጥያቄ ለመጠየቅ ተነሡ። በተነሡም ጊዜ ልባቸው ራደ፤ ራሳቸው ዞረ፤ የሚጠይቁት አንድም ነገር አልመጣላቸውም። ተቀመጡና ባለጉዳይዋ ሌላ ጠበቃ እንድትይዝ፣ ገንዘቧንም እንድትወስድ ነግረው ወጡ። ፓቴል የተባሉ ጠበቃ በ51 ሩፒ ጉዳዩን ያዙት። ጋንዲ ባለጉዳይዋ ትርታ ትርታ አትርታ እንኳ ሳያውቁ በኀፍረት ሄዱ፤ ደቡብ አፍሪካ እስኪደርሱ ድረስም በችሎት ለመሟገት አልቆሙም።

ከዚህ በኋላ ለአንድ የታወቀ ትምህርት ቤት በቀን አንድ ሰዓት እንግሊዝኛ ለማስተማር አመለከቱ። ደመወዙ 75 ሩፒ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ስለሌላቸው አልተቀበላቸውም። በቦምቤይ ቆይታቸው ደስ ያሰኛቸው ሥራ ቢኖር፣ መሬቱ ለተወረሰበት አንድ ድሀ ሰው የጻፉለት አቤቱታ ነው። ክፍያ አልተቀበሉበትም፤ ለወዳጆቻቸው ሲያነቡት ግን ሁሉም ጽሑፉን አደነቀ፤ እርሳቸውም አቤቱታ መጻፍ የሚችሉ መሆናቸውን ተረዱ።

ስድስት ወር ያህል ቦምቤይ ከቈዩ በኋላ ወደ ራጅኮት ተመልሰው ማመልከቻና አቤቱታ በመጻፍ በወር 300 ሩፒ ያህል ማግኘት ጀመሩ። ይህም ገቢ ቢሆን በችሎታቸው ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ሥራውን የሚልኩላቸው ከወንድማቸው ጋር በሽርክና የሚሠሩ ነገረ ፈጅ ናቸው። ቦምቤይ ላይ እንቢ ያሉትን የድርሻ ክፍያም በወንድማቸው ልመና እዚህ ላይ ለመቀበል ተገደዱ። ይህን በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ሳይሸሽጉ ተናግረዋል።

በዚህ መካከል ሌላ መሰናክል መጣ። ወንድማቸው በእንግሊዝ መንግሥት የፖለቲካ ወኪል ዘንድ ክፉ ስም ወጥቶላቸው ስለ ነበር፣ ጋንዲ ባለሥልጣኑን በሎንዶን አስቀድመው ያውቋቸው ኖሮ ሄደው እንዲያማልዱ ተለመኑ። ሳይወዱ ሄዱ። ባለሥልጣኑም ነገራቸውን ሊሰሙ ስላልፈለጉ በአሽከር ትከሻቸውን አስይዘው ከቢሮ አስወጧቸው። ለመክሰስ ቢያስቡም የፌሮዜሻህ ሜህታ ምክር ስድቡን ውጦ ዝም ማለት ይሻላል የሚል ሆነ። የሚበዛው ሥራቸው በዚያው ባለሥልጣን ችሎት የሚታይ በመሆኑ የራጅኮትም በር ተዘጋባቸው።

የፕሪቶሪያ አንድ ዓመት

በ1893 ዳዳ አብዱላ የተባለ የፖርባንዳር ሰዎች የንግድ ድርጅት ለወንድማቸው ደብዳቤ ላከ። ድርጅቱ በደቡብ አፍሪካ የ40,000 ፓውንድ ክስ ነበረው፤ ታላላቅ ጠበቆችም አስቀድመው ተይዘውለታል። የተፈለገው ሰው እነዚያን ጠበቆች የሚረዳ፣ ደብዳቤ የሚጽፍና የሚተረጉም ነበር። ጊዜው ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ ክፍያውም የመጓጓዣና የኑሮ ወጪ ተችሎ 105 ፓውንድ ነው። ጋንዲ በባሪስተርነት ሳይሆን በድርጅቱ ሠራተኛነት እንደሚሄዱ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ በዛሬ አነጋገር የተለማማጅ ሥራ ነው። ተቀበሉት፤ በኤፕሪልም ወር ተሳፈሩ።

ደርባን እንደ ደረሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት ሲጎበኙ ጥምጥማቸውን እንዲያወልቁ በዳኛው ታዘው እንቢ ብለው ወጡ። ወደ ፕሪቶሪያ ሲጓዙም ጁን 7 ቀን ሌሊት የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዘው ሳለ በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ከባቡር ተጥለው በብርድ አደሩ። ይህ ሌሊት በፖለቲካ ታሪካቸው ብዙ ተጽፎበታል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን በዚያ ብርድ ያወጡት ያወረዱት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ወደ ሕንድ ልመለስ ወይስ የተቀጠርሁበትን ጉዳይ ልፈጽም የሚል ነበር። የገቡትን ውል ሳይፈጽሙ መመለስ ፈሪነት ነው ብለው ጉዞአቸውን ቀጠሉ።

ጉዳዩ በአብዛኛው የሒሳብ ጉዳይ ነበር። ጋንዲ በሎንዶን ያነበቡት የሕግ መጽሐፍ ሁሉ ስለ ገቢና ወጪ አጻጻፍ አንዳች አላስተማራቸውም። የድርጅቱ ጸሐፊዎች ስለ ተስፋ ሰነድ በእንግሊዝኛ አሳጥረው ፒ ኖት እያሉ ሲነጋገሩ ቃሉ ምን እንደሆነ አላወቁም፤ መዝገበ ቃላት ቢያገላብጡም አጡት። አላፈሩም፤ ከድርጅቱ ጸሐፊዎች አንዱን ጠየቁ። ወዲያውም የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ገዝተው ማጥናት ጀመሩ።

በፕሪቶሪያ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ቤከር ነበሩ። ቤከር ክርክሩ በሌሎች እጅ ስለሆነ ከእርሳቸው የሚፈልጉት ከባለጉዳዩ መረጃ ማምጣትን ብቻ መሆኑን በግልጽ ነገሯቸው። ጋንዲ በዚህ አልተቀየሙም። በጉጅራቲ ቋንቋ የተጻፉትን ደብዳቤዎችና ሰነዶች አንድ በአንድ አንብበው ተረጐሙ፤ እያንዳንዱን ሒሳብ ከየመዝገቡ ጋር አመሳከሩ፤ ሁለቱ ወገኖች የሚሉትን ሁሉ ለዩ። ታላላቆቹ ጠበቆች ከዚህ ዝግጅት የትኛውን እንደሚይዙ የትኛውን እንደሚጥሉ እየተመለከቱ ተማሩ። ፍሬ ነገሩን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ሕጉ ራሱ ሊረዳው እንደሚመጣ የተገለጠላቸው በዚህ ጊዜ ነው። በቦምቤይ አንደበታቸውን ያሰረው ፍርሃት የለቀቃቸው በንግግር ልምምድ አይደለም፤ በእጃቸው ያለውን ጉዳይ ከማንም በላይ በማወቃቸው ነው።

ፍሬ ነገሩን ሲመረምሩ የደንበኛቸው መብት ጠንካራ መሆኑን ተረዱ። ይሁን እንጂ ከሳሽና ተከሳሽ ዘመዳሞችና ያንድ ከተማ ልጆች ሆነው ሳለ የጠበቆቹ ወጪ ሁለቱንም እየበላቸው መሆኑን አዩ። ስለዚህ ተከሳሹን ታይብ ሼትን ቀርበው ነገሩ በዘመድ ዳኝነት እንዲያልቅ ለመኑ፤ ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ። ዳኛውም ለዳዳ አብዱላ ፈረደ፤ የተፈረደው ገንዘብ 37,000 ፓውንድ ያህልና ወጪው ነበር። ታይብ ሼት ይህን በአንድ ጊዜ ቢከፍሉ የሚጠብቃቸው ኪሳራ ነው፤ በዚያ የነጋዴ ማኅበረሰብ ደግሞ ከኪሳራ ሞት ይመረጥ ነበር። ጋንዲ ክፍያው በረጅም ጊዜ እየተከፋፈለ እንዲፈጸም አሸናፊውን ማግባባት ነበረባቸው፤ ይህም ከዘመድ ዳኝነቱ ስምምነት ይልቅ አስቸገራቸው። በመጨረሻ ተሳካ፤ ሁለቱም ነጋዴዎች ክብራቸው ከፍ አለ። የጠበቃ ዋና ሥራ የተለያዩትን ማስማማት ነው የሚለው እምነታቸው በዚህ ጉዳይ ተመሠረተ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ መቶ ጉዳዮችን በስምምነት እንደ ጨረሱ ጽፈዋል።

የማኅበሩ ደጅ

ውላቸው አልቆ በ1894 ለመመለስ በተዘጋጁበት የስንብት ግብዣ ላይ፣ በናታል የሚኖሩ ሕንዶችን የመምረጥ መብት የሚነሳ ረቂቅ ሕግ መቅረቡን ከጋዜጣ አወቁ። ነጋዴዎቹ እንዲቈዩ ለመኗቸው። ጋንዲ ለሕዝብ ሥራ ገንዘብ አልቀበልም ስላሉ፣ ሃያ ያህል ነጋዴዎች የየራሳቸውን የሕግ ጉዳይ እንዲይዙላቸው የአንድ ዓመት ክፍያ በቅድሚያ ሰጧቸው፤ ዳዳ አብዱላም ለስንብት ሊሰጧቸው ባሰቡት ገንዘብ የቤት ዕቃ ገዙላቸው። ሥራ ያጣው ባሪስተር ያለ ደላላ ቋሚ ደንበኞችን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በናታል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመመዝገብ ሲያመለክቱ ግን የአገሩ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቃወማቸው። ምክንያት ተብሎ የቀረበው የሰነድ ጉድለት ቢሆንም በስተኋላው የነበረው የቆዳ ቀለም ነው። ፍርድ ቤቱ ሕግ ነጭና ጥቁር ብሎ እንደማይለይ ገልጦ ተቃውሞውን ባለመቀበል ሴፕቴምበር 3 ቀን 1894 እንዲመዘገቡ ፈቀደ። ወዲያውም የችሎቱን ሥርዓት ጠብቀው ጥምጥማቸውን እንዲያወልቁ ታዘዙ። ጋንዲ በዚህ ጊዜ አወለቁ። ወዳጆቻቸው ቢያዝኑም፣ እርሳቸው ግን ጉልበታቸውን ለሚበልጥ ሙግት ማስቀመጥን መረጡ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባላሱንዳራም የተባለ በውል የታሰረ የጉልበት ሠራተኛ በጌታው ተደብድቦ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ተሰብረው፣ ደም እየፈሰሰው ቢሮአቸው ገባ። ጋንዲ አስቀድመው ወደ ሐኪም ልከው የጉዳቱን ማስረጃ አጻፉ፤ ቀጥለው ዳኛ ዘንድ ወሰዱት። አሠሪውን ከማስቀጣት ይልቅ ሰውየው ወደ ሌላ አሠሪ የሚዛወርበትን መንገድ ፈልገው አገኙ። ዜናውም በየእርሻው ላሉት ሠራተኞች ሁሉ ተሰማ።

ኋላ በጆሃንስበርግ ቢሮ ሲከፍቱ፣ ራሳቸው ያጡትን ለሌሎች ሰጡ። ሄንሪ ፖላክ በእርሳቸው ዘንድ የሕግ ተለማማጅ ሆነው ሠርተው ጠበቃ ለመሆን በቁ። ጸሐፊያቸው የነበሩት ሶንያ ሽሌሲንም እንዲሁ በተለማማጅነት እንዲመዘገቡ በ1909 አመለከቱላቸው፤ የትራንስቫል የሕግ ማኅበር ግን ሴት ተለማማጅ ተመዝግባ አታውቅም በማለት ከለከለ። የቢሮአቸውን ጠባይ ደንበኞቻቸው በሚገባ ያውቁት ነበር። ወዳጃቸውና ደንበኛቸው ነጋዴው ሩስቶምጂ ቀረጥ ሳይከፍሉ ዕቃ ያስገቡ እንደ ነበር በተደረሰባቸው ጊዜ፣ ጋንዲ መከላከያ ከመፈለግ ይልቅ ጥፋታቸውን ለጉምሩክ ሹሙ እንዲናዘዙ መከሯቸው። ነገሩም ካመኑት ገንዘብ እጥፍ በመክፈል በስምምነት አለቀ።

ጋንዲ በ1914 ደቡብ አፍሪካን ለቀው ሄዱ። በሕንድ በመሩት ትግል ምክንያት በማርች 1922 የስድስት ዓመት እሥራት ሲፈረድባቸው፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ኢነር ቴምፕል ከአባልነት ሰረዛቸው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 በዴልሂ በሰው እጅ ተገደሉ። ኢነር ቴምፕል ስማቸውን ወደ መዝገቡ የመለሰው በ1988፣ ማለትም ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ የሙያ ማኅበር ሦስት ጊዜ በር ሲዘጋ እናያለን፤ አንድ ጊዜ በቀለማቸው፣ አንድ ጊዜ በረዳታቸው ሴትነት፣ አንድ ጊዜ በእምነታቸው ምክንያት። በሩን የከፈተላቸው ደግሞ ከፊደል ብዙ ያልተማረው ነጋዴ ዳዳ አብዱላ ነው፤ ነጋዴው መጀመሪያ ከሕንድ ለመጣው ወጣት ምን ሥራ እንደሚሰጠው እንኳ ግራ ገብቶት ነበር። በመጨረሻ የሰጠው ነገር የሰነድ ክምር፣ ጠረጴዛ፣ ጥያቄውን የሚታገሡ ባልደረቦችና የአንድ ዓመት ጊዜ ነው። ይህን ያህል ነገር በእያንዳንዳችን ቢሮ ይገኛል። በመጀመሪያ ቀጠሮው አንደበቱ የተሳሰረውን ወጣት ለዚህ ሙያ አልተፈጠረም ብለን ከማሰናበታችን በፊት፣ መዝገቡን ከሥሩ እንዲያነብ ጊዜ ሰጥተነው እንደ ሆነ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።